ልጁን እይልኝ፦ «ሉክ አፍተር» የሚለውን ግሥ እንማር

ጎረቤትሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ «ልጁን እይልኝ» ብትልሽ ቆመሽ የልጁን መልክ አትመለከቺም። እንዳይወድቅ፣ እሳት እንዳይነካ፣ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ትጠብቂዋለሽ። ቢያለቅስ ታባብይዋለሽ። እናቱ እስክትመለስም የትም አትሄጂም። «እይ» እና «እይልኝ» አንድ ግሥ ናቸው፤ ከኋላ የተቀጠለችው «ልኝ» ግን ማየትን ወደ መጠበቅ ለወጠችው።

እንግሊዝኛም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። «ሉክ» ማለት ማየት፣ መመልከት ነው። እኛ ቅጥያውን ከግሡ ጋር እናጣብቀዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን ከግሡ ኋላ ሌላ ትንሽ ቃል ለብቻዋ ያስከትላል። ትንሿ ቃል ስትቀየር ትርጉሙም አብሮ ይቀየራል። «ሉክ አት» ወደ አንድ ነገር መመልከት ነው። «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው። «ሉክ አፍተር» መጠበቅ፣ መንከባከብ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «አፍተር» ብቻዋን ስትሆን «በኋላ» ማለት እንደሆነች ብዙዎቻችን እናውቃለን። ስለዚህ «ሉክ አፍተር ዘ ቤቢ» ሲባል ቃል በቃል የምትተረጉም እህት «ሕፃኑን በኋላ እይው» የተባለች ይመስላታል። «እሺ፣ በኋላ አየዋለሁ» ብላ ወደ ጀመረችው ዕቃ ትመለሳለች። መዳም ደግሞ ልጇን አስረክባ የወጣች መስሏት መኪና ውስጥ ገብታለች። በዚያች ሰዓት ቤቱ ውስጥ ልጁን የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ይህንንም ከሁለቱ ሴቶች አንዷም አታውቅም።

እኔ ደማም ውስጥ፣ አል መዝሩዒያ በሚባለው ሠፈር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። «ዐረብ አገር ሆነን እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ዐረብኛ ይቀድማል፤ እኔም የቤቱን ሥራ የለመድኩት በዐረብኛ ነው። ነገር ግን በምሥራቁ ግዛት እንግሊዝኛ የሚገባበት በር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ደማም ቁጥር 7 ከተባለው ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ከተገኘ ወዲህ፣ ከደማምና ከኾበር አጠገብ ያለችው ዳሕራን የአራምኮ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነች፤ አሜሪካኖቹም ቋንቋቸውን ይዘው መጡ። ዛሬ ፋርማሲ ስትሄጂ ሕንዳዊ፣ ክሊኒክ ስትሄጂ ፊሊፒናዊት ነርስ ልታገኚ ትችያለሽ። በግል ትምህርት ቤት የሚማሩት የቤቱ ልጆችም እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። መዳምም ከእኛ ጋር በዐረብኛ አልግባባ ስትል በችኮላ ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች፤ በችኮላ የሚነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አስፈላጊው ነገር ነው።

ዐረብኛውን የምታውቂ ከሆነ ይህ ትምህርት ይቀልሻል። «ሹፊ» ስትባዪ እይ ማለት ነው፤ ይህ «ሉክ» ነው። «ደውሪ» ፈልጊ ነው፤ ይህ «ሉክ ፎር» ነው። «ዲሪ ባሊክ ዐላ አል ወለድ» (አንዳንድ ቤት «ባሊች» ይሉታል) ልጁን ጠብቂው ነው፤ ይህ «ሉክ አፍተር» ነው። ልብ ብለሽ ከሰማሽ ዐረብኛውም በትንሽ ቃል ይሠራል። «ዐላ» ቀርታ «ዲሪ ባሊክ!» ብቻ ተብሎ ሲጮኽ «ተጠንቀቂ!» ይሆናል። ሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ትርጉሙን የምታዞረው ትንሿ ቃል ናት፤ ሰው ሲናገር የሚውጣትም እሷኑ ነው።

አነጋገሩን እንይ። «ሉክ» አጭር ነው፤ አፍሽን ሳታሾዪ ቶሎ ቁረጪው። «ሎክ» ካልሽው ቁልፍ ወይም መቆለፍ ይሆናል፤ «ሎክ ዘ ቤቢ» የምትል ሞግዚት ማንም አይፈልግም! ጊዜው ሲቀየር የሚለወጠው የፊተኛው ቃል ብቻ ነው። ዛሬ «ሉክ አፍተር»፣ ትናንት «ሉክት አፍተር»፣ አሁን በመጠበቅ ላይ ከሆንሽ «ሉኪንግ አፍተር»። «አፍተር» ከቦታዋ አትነቃነቅም። የሚጠበቀው ሰው ስምም ሁልጊዜ ከ«አፍተር» ኋላ ይመጣል፤ «ሉክ አፍተር ሂም»፣ «ሉክ አፍተር ማይ ማዘር» ይባላል። «ሉክ ሂም አፍተር» የሚል እንግሊዝኛ የለም።

በደማምና በኾበር ከፊሊፒኖችና አሜሪካ ከተማሩ ሰዎች አፍ ደግሞ «ቴክ ኬር ኦፍ» የሚለውን አብዝተሽ ትሰሚያለሽ። ትርጉሙ ያው ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገሽ ያዢያቸው። «ቴክ ኬር» ብለው ዝም ካሉና እጃቸውን ካወዛወዙ ግን «ደኅና ሁኚ» ማለታቸው ነው፤ የምትጠብቂው ሰው የለም።

ከዚህ ቀለል የሚሉ ሁለት አባባሎችም አሉ። «ኪፕ አን አይ ኦን» ማለት ሌላ ሥራ እየሠራሽ ዓይንሽን ጣል እያደረግሽ ቆዪ ማለት ነው። ምድጃ ላይ ስላለ ድስት ወይም ስለ ተኛ ልጅ ይባላል። «ዎች» ለአጭር ጊዜ ዓይንን ሳያነሡ መጠበቅ ነው፤ «ዎች ሂም ፎር ፋይቭ ሚኒትስ» ቢሉሽ ለአምስት ደቂቃ ዓይንሽ ከእሱ አይነሣ ማለት ነው። «ሉክ አፍተር» ግን ሁሉንም ያጠቃልላል። ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት፣ ከአደጋ መጠበቅ፣ ቢታመም ማሳወቅ በውስጡ አሉ። በአንድ ቃል ይህን ሁሉ ስለምትቀበዪ ቃሉን ስትሰሚ ዝም ብለሽ «የስ» አትበዪ። ማንን? እስከ መቼ? ምን ምን ላድርግ? ብለሽ ጠይቂ። «አንቲል ዋት ታይም?» ማለት እስከ ስንት ሰዓት ማለት ነው። «ሀዝ ሂ ኢተን?» ማለት በልቷል ወይ ማለት ነው። «ሁ ዊል አይ ኮል?» ብትዪ ለማን ልደውል ማለትሽ ነው። እነዚህን የጠየቀች ሠራተኛ ደፋር አትባልም፤ እኔ እንዳየሁት እናቶቹ እንዲያውም ልባቸው ያርፋል።

ቃሉ በጣም የሚፈተነው ኢስቲራሓ ላይ ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ሲሆን ቤተሰቡ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ መዋኛ ገንዳ ወዳለበት ኢስቲራሓ ወይም ከኾበር በስተ ደቡብ ወዳለው የግማሽ ጨረቃ ባሕር ዳርቻ ይወጣል። አሥራ አምስት ልጅ፣ ስምንት ትልልቅ ሴት፣ ሦስት ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። እናቶቹ ሠራተኞቹ አሉ ብለው ያወራሉ። አንዷ ሠራተኛ ሌላዋ አለች ብላ ሻይ ልታፈላ ትገባለች። ሌላዋ እናታቸው አጠገባቸው ናት ብላ ሩዙን ልታይ ትሄዳለች። ትንሽ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሰምጥ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ እጁንም እንደ ፊልም አያወናጭፍም። ጸጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጥቂት ደቂቃም ይበቃዋል።

ስለዚህ ኢስቲራሓ ላይ «ሉክ አፍተር» ጮኽ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ቃል ይሁን። መጀመሪያ ጠይቂ፦ «ሁ ኢዝ ሉኪንግ አፍተር ዘ ችልድረን?» ልጆቹን የሚጠብቀው ማን ነው? አንቺ ከሆንሽ «አይ አም ሉኪንግ አፍተር ዘም» በዪና ስልክሽን ኪስሽ አስገቢ። ወደ ማድ ቤት ከጠሩሽ ደግሞ ሳታስረክቢ አትነሺ። የአንድ ሰው ዓይን ይዘሽ፣ በስሙ ጠርተሽ፣ «አይ አም ጎይንግ ቱ ዘ ኪችን። ፕሊዝ ሉክ አፍተር ዘም» በዪ። መልሱንም ስሚ። «ኦኬ» ያላለሽ ሰው አልተረከበም። ሻዩ ቢዘገይ ምንም አይደል።

መኪናም እንደዚሁ ነው። መዳም ሱቅ ልትገባ ስትል «ሉክ አፍተር ዘ ኪድስ» ብላ ከልጆቹ ጋር መኪና ውስጥ ትተውሽ ይሆናል። በሐምሌ የደማም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ በ10 ደቂቃ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሞተሩ ቢጠፋ ወይም ማቀዝቀዣው ቢቆም መዳም እስክትመጣ አትጠብቂ፤ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ጥላ ወይም ወደ ሱቁ ግቢ፤ ከዚያ ደውዪ። መኪና ውስጥ ተቀመጪ ያለችሽ ቢሆንም ዋናው ትእዛዝ ጠብቂያቸው የሚለው ነው።

አሁን ወደ «ሉክ ፎር» እንለፍ፤ ከ«ሉክ አፍተር» ጋር መምታታቱ ትልቅ ጣጣ አለው። እኔ ከነበርኩበት ሕንፃ ፎቅ ላይ የምትሠራ አንዲት እህት ነበረች። መዳሟ ከገበያ ደውላ ምን እየሠራሽ ነው ትላታለች። ልጅቱ ሕፃኗን አቅፋ ወተት እያጠጣች ነበር፤ «አይ ሉክ ፎር ቤቢ» ብላ መለሰች። «ሕፃኗን እየፈለግኋት ነው» ማለቷ እንደሆነ አላወቀችም። ሴትዮዋ የገዛችውን ዕቃ ሁሉ ጥላ፣ ባሏን ጠርታ፣ እያለቀሰች ደረሰች። ሕፃኗ ተኝታለች። ሰው ሲደነግጥ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጣ ነውና ያን ቀን ልጅቱ የሰማችውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አንዲት ትንሽ ቃል ብትቀየር፣ «አይ አም ሉኪንግ አፍተር ዘ ቤቢ» ብትል ኖሮ፣ መዳሟ «ጎበዝ» ብላ ስልኩን ትዘጋ ነበር።

እውነት የሆነ ነገር ጠፍቶ ስትፈልጊ ደግሞ «ሉክ ፎር» ያንቺ ቃል ነው። «አይ አም ሉኪንግ ፎር ማይ ኢቃማ» ኢቃማዬን እየፈለግሁ ነው። ልጅ ከዓይንሽ ቢሰወር፣ ገበያ መሀል ቢሆን እንኳ፣ ሳታፍሪ ለመጀመሪያው ጥበቃ «አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ቦይ» በዪና የልብሱን ቀለም ንገሪ። ሴት ልጅ ከሆነች «ኤ ገርል» ነው። ልጅ ሲጠፋ ሰው የሚሸሽገው ቁጣውን ፈርቶ ነው፤ ጊዜው ግን የሚያልፈው ልጁ ላይ ነው።

«ሉክ አፍተር» ባለፈ ጊዜ ሲነገር ፊቱ ይከብዳል። አንድ ልጅ ወድቆ ግንባሩ ቢያብጥ የሚመጣው ጥያቄ «ሁ ዎዝ ሉኪንግ አፍተር ሂም?» ነው፤ ይጠብቀው የነበረው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ተጠያቂውን ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት በትእዛዝ ሌላ ክፍል ስታጸጂ ከነበርሽ በጥርት አድርገሽ መናገር አለብሽ፦ «አይ ዎዝ ክሊኒንግ አፕስቴርስ። ማዳም ዎዝ ሉኪንግ አፍተር ሂም»። ፎቅ ላይ እያጸዳሁ ነበር፤ መዳም ነበሩ የሚጠብቁት። እንግሊዝኛው ሲጠፋብን ማንገራገርና ማልቀስ ይቀናናል፤ ለማያውቀን ሰው ይህ እንደ ጥፋት ይታያል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ምንም ሳይሆን በፊት አጥኚያት።

ሌላው ከባድ ነገር ሕመምተኛ መጠበቅ ነው። ለቤት ሥራ ተቀጥረሽ ሳለ አንድ ቀን «ፕሊዝ ሉክ አፍተር ማይ ማዘር» ትባያለሽ። አያቲቱ ስኳር አለባቸው እንበል። እንዲህ ያለው መጠበቅ ከማብላትና ከማጠብ ያልፋል። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ቢያልባቸውና ቢንቀጠቀጡ ምን እንደሚደረግ መጠየቅሽ ግድ ነው። «ሾው ሚ» በዪ፤ አሳዪኝ ማለት ነው። ሰዓቱን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። መርፌ ውጊ ብትባዪና ካልተማርሽው «አይ አም ኖት ትሬይንድ» ማለት መብትሽ ብቻ ሳይሆን ለአያቲቱም ደኅንነት ነው። ራሳቸውን ቢስቱ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ስልክ 997 ነው፤ የቤቱን አድራሻም አስቀድመሽ ያዢ።

ከዚያ ደግሞ የሌሊቱ ጉዳይ አለ። ቀን ስታጸጂ ውለሽ ሌሊት ከአያቲቱ አልጋ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ትተኛለሽ፤ ሦስት ጊዜ ያስነሡሻል። «አንቺ እኮ ተኝተሻል» ይሉሻል። አልተኛሽም፤ «ሉኪንግ አፍተር» ላይ ነበርሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189፣ ሠራተኛዋ በጊዜዋ እንዳሻት ማዘዝ ሳትችል ቢጠሯት እንድትደርስ የምትቆይበትን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት የሚያስቆጥር አንቀጽ አለው። እንዴትና ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው፤ ስምምነቱም የሚያስገድደው የተቀበሉትን አገሮች ነው። የሳዑዲው የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው፣ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ይላል። ይህን ይዘሽ መዳም ፊት ሙግት ግጠሚ አልልሽም፤ የቤቱን ጠባይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነገር ግን እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «አይ ሉክት አፍተር ሀር ኦል ናይት። ካን አይ ስሊፕ ናው?» ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቃቸው አድሬአለሁ፤ አሁን መተኛት እችላለሁ? «ደክሞኛል» ከሚለው ይልቅ ይህ ይሰማል፤ የሠራሽውን ሥራ በስሙ ጠርተሽዋልና።

«ሉክ አውት!» አጭር ናት፤ ተጠንቀቂ፣ ዋ! ማለት ናት። «አውት» ውጭ ማለት ስለሆነች ወደ መስኮት የሚዞር አለ። የፈላ ዘይት ከኋላሽ ይዘው ሲመጡ ወይም መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ነው የምትጮኸው፤ ስትሰሚያት ባለሽበት ቀጥ በዪ።

«ሉክ ኢንቱ» ደግሞ የቢሮ ቃል ናት። ደመወዝሽ ሁለት ወር ቆይቶ ለአስቀጣሪው ኤጀንሲ ስትደውዪ «ዊ ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት» ይሉሻል። ጉዳዩን እናጣራዋለን ማለት ነው። ቀበሌ ወረቀት ይዞ የተመላለሰ ሰው «እናየዋለን»ን ስለሚያውቀው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እንፈጽመዋለን አላሉሽም። «ዌን ካን አይ ኮል አጌይን?» ብለሽ መቼ ልደውል በያቸው፤ የመለሰልሽን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፊ። «ሉክ ዳውን ኦን» ከአማርኛው ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ ሰውን ዝቅ አድርጎ ማየት፣ መናቅ ነው።

«ሉክ አፍተር ዩርሰልፍ» ብትባዪ ራስሽን ጠብቂ ማለት ነው፤ ከልብ የሚባል የስንብት ቃል ነው። መልሱ «ዩ ቱ» ነው።

መልመጃ። ባዶውን ቦታ በ«አፍተር»፣ በ«ፎር» ወይም በ«አውት» ሙዪ። የመጀመሪያው፦ «አይ አም ሉኪንግ ... ዘ ኪ»፤ ቁልፉ ጠፍቶብሻል። ሁለተኛው፦ «ሉክ ... ! ዘ ፍሎር ኢዝ ዌት»፤ ወለሉ እርጥብ ነው። ሦስተኛው፦ «ካን ዩ ሉክ ... ሂም አንቲል አይ ካም ባክ?»፤ እስክመለስ ትጠብቂልኛለሽ? አራተኛው ትንሽ ያስቸግራል፦ «ሺ ኢዝ ሉኪንግ ... ኤ ናኒ ቱ ሉክ ... ሀር ሰን»፤ ልጇን የምትጠብቅላት ሞግዚት እየፈለገች ነው። መልሱ በቅደም ተከተል ፎር፣ አውት፣ አፍተር፣ በመጨረሻው ፎር እና አፍተር ነው። አራተኛውን ልብስ ስትተኩሺ አሥር ጊዜ ጮኽ ብለሽ በዪው፤ ሁለቱ ቃላት በአፍሽ ላይ እስኪለያዩ ድረስ።